ወካዩ በሕይወት አለ

ማክሰኞ ጠዋት መርማሪ መሳይ ሄግ፣ ሙርዋይክ ሰፈር ሲደርስ፣ አስከሬኑን ያገኘው የቤቶች ኮርፖሬሽን ሠራተኛ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አንገቱን ጉልበቶቹ መሃል ቀብሮ ነበር። ካፖርቱን አውልቆ ከራሱ አርቆ አስቀምጦታል።

«ለቁጥጥር ነው የመጣሁት» አለ ሰውየው ቀና ሳይል። «ትናንት በዚህ ቤት አዲስ ተጋሪ ተከራይ እንድትመዘገብ ማመልከቻ ገብቷል። ልጅቷ በእርግጥ እዚህ መኖሯን አይቼ ነው የምፈርመው። ደወልኩ፤ አንኳኳሁ። በመተላለፊያው በኩል መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። አንገቴን አስገባሁና...»

የቀረውን በእጁ ጨረሰው።

መሳይ ከባልደረባው ከማሪት ጋር ገባ። መኝታ ቤቱ እንደ ሥጋ መጋዘን ቀዝቅዟል። የጥር ነፋስ መጋረጃውን ያወዛውዛል፤ ማሞቂያው ተዘግቷል። አልጋው ላይ ሰባ ዓመት የዘለለ ቀጭን ሰው በጀርባው ተዘርግቷል። ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ አገጩ በነጭ ሻሽ ከአናቱ ጋር ታስሯል። ማሪት ብርድ ልብሱን ከግርጌ ገለጥ ስታደርገው የእግሩ አውራ ጣቶች በቀጭን ጨርቅ እርስ በርስ ተገጥመዋል።

«ይሄ ምንድን ነው? አሠቃይተውት ነው?» አለች።

«አይደለም። ግንዘት ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ሰውነቱ ሳይደርቅ እንዲህ ይደረጋል።»

«እንግዲያው የገደለው ሰው ያከብረው ነበር ማለት ነው።»

«መገደሉን ገና አላወቅንም። ገንዞ ጥሎት የሄደ ሰው እንዳለ ግን እናውቃለን።»

መሳይ ሬሳ ጥሎ የሚሸሽ ሰው በዐሥር ዓመት ሥራው አይቷል። ዓይንን በመዳፍ ከድኖ፣ አገጭን አስሮ፣ ከዚያ እንደ ሥጋ እንዳይበላሽ መስኮት ከፍቶ መሄድን ግን አላየም።

ወጥ ቤት ውስጥ ፋርማሲው የሚልከው የመድኃኒት ጥቅልል ተሰቅሏል። እያንዳንዷ ከረጢት ላይ ቀንና ሰዓት ታትሞባታል። መጨረሻ ላይ የተቀደደችው የሐሙስ ጠዋቷ ናት።

የሟቹ ስም አቶ አየለ ነው። ሮተርዳም ወደብ መጋዘን ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርቷል። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ ከድቶታል፤ ከአንደበቱም የቀረችው ትንሽ ናት።

የኮርፖሬሽኑ ሠራተኛ ማመልከቻውን አወጣ። ተጋሪ ተከራይ፦ ሮዳስ ዘአማኑኤል፣ ሃያ ስድስት ዓመት። ተከራዩ የሚፈርምበት ቦታ ላይ አቶ አየለ አልፈረመም፤ ዘአማኑኤል የሚባል ሰው የራሱን ስም ፈርሞ ከጎኑ «በውክልና» ብሎ ጽፏል። ከፊርማው በታች «ወካዩ በሕይወት አለ፤ ውክልናውም አልተሻረም» የሚል ሣጥን አለ። ሣጥኑ ላይ ምልክት ተደርጓል። ቀኑ ሰኞ ነው፤ ትናንት።

«ተጋሪ ተከራይ መሆን ምን ይጠቅማታል?» ሲል መሳይ ጠየቀ።

«ተከራዩ ሲሞት ቤቱ ለእሷ ይቀራል። ሊፍት ያለው ባለ ሦስት ክፍል ቤት ለማግኘት በዚህ ከተማ ሰው ከዐሥር ዓመት በላይ ወረፋ ይጠብቃል። ማረጋገጫው ዓርብ ይወጣላታል።»

ማሪት ከመግቢያው ጫማ መደርደሪያ ላይ አንዱን አነሣች። ሰፊ፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ፣ አሮጊት እግር ያጎበጠው የሴት ጫማ ነው።

«የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ይህን አታደርግም» አለች።

---

የአቶ አየለ ተንከባካቢ ሙሂባ ትባላለች። የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ሄግ ውስጥ በየሽማግሌው ቤት እየዞረች ማጠብና መድኃኒት ማዋጥ ከጀመረች ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከሰዓት በኋላ በድርጅቷ ቢሮ ሲያገኛት የእጇን ፀረ ተሕዋሲ እያሸች ተቀመጠች፤ ከዚያ ማሸቷን መተው አቃታት።

«ሐሙስ ጠዋት ሄደው ነበር?»

«ሄጃለሁ። መድኃኒቱን ሰጠሁት። ሻዩን ግማሽ ጠጣ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወጣሁ።»

መሳይ የሥራ መዝገቧን ከፊቷ ዘረጋው። ሐሙስ ቀትር ላይ በራሷ ስም «ደንበኛው ዘመድ ጋ ሄዷል፤ እስከ ሰኞ እንክብካቤ አያስፈልግም» ተብሎ ተመዝግቧል።

«አቶ አየለ የትም አልሄዱም። ዘመድ ጋ ሄዱ ያለዎት ማን ነው?»

መዝገቡን መልሳ ወደ እሱ ገፋችው።

«ሙሂባ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቁልፉ ያለው እርስዎ ጋ ነው። መጨረሻ ያዩዋቸው እርስዎ ነዎት። የጻፉት ደግሞ ሐሰት ነው።»

«ወንድሜ፣ አገርህ የት ነው?»

«አዲስ አበባ።»

«ታዲያ እያወቅህ ለምን ታደርቀኛለህ?» አለች። ቆይታም፣ «የትነበርሽ ሰማች?» ብላ ጠየቀች።

«የትነበርሽ ማን ናቸው?»

ሙሂባ ቀና ብላ አየችው። የትነበርሽ የአቶ አየለ ሚስት ናት። ሮተርዳም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተጋብተው ዘጠኝ ዓመት አብረው ኖረዋል። በሄሜንተ፣ ማለትም በማዘጋጃ ቤት፣ የተመዘገበ ጋብቻ ግን የላቸውም፤ ከአገር ቤት ይመጣል የተባለው የቀድሞ ፍቺው ወረቀት ሳይመጣ ቀርቷል። የትነበርሽ ባለፈው ሳምንት ረቡዕ የዳሌ አጥንቷን ተቀይራ ሮተርዳም ማገገሚያ ውስጥ ተኝታለች።

«እንዳትነግሯት» አለች ሙሂባ። «እኔን ከፈለግህ እሰረኝ፤ እሷን ግን እንዳትነግሯት።»

መሳይ ከቢሮው ሲወጣ ማሪት፣ «እሷ ናት» አለች። መሳይም ከዚያ የተሻለ ግምት አልነበረውም።

---

አቶ ዘአማኑኤል አምስተርዳም፣ ደቡብ ምሥራቅ፣ በፀጉር ቤትና በስልክ መሸጫ መካከል ጠባብ ቢሮ አለው። የሐበሻን ደብዳቤ እያነበበ፣ ቅጽ እየሞላ፣ ሄሜንተና ሆስፒታል እየደወለ ሃያ ዓመት ኖሯል። ከኋላው ከወለል እስከ ጣሪያ የሰዎች ስም የተጻፈባቸው ማኅደሮች ተደርድረዋል። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ድምፁ ለስላሳ ነው።

ስለ ሞቱ ሲነገረው መሐረብ አወጣ። «ወይ ወንድሜን» አለና ዓይኑን ጠረገ። «ገና በቀደም ዕለት ነበር ያየሁት። እንዴት ብቻውን...»

«ሐሙስ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ከጠዋት እስከ ማታ። ባለጉዳዮቼን ጠይቃቸው ልጄ፣ ስማቸውን እጽፍልሃለሁ።»

ጻፈለት። መሳይ እዚያው ሆኖ ለሦስቱም ደወለ። ሦስቱም አዎ አሉ፤ ሐሙስ ከወንበሩ አልተነሣም።

«ሰኞ በአቶ አየለ ስም ፈርመዋል።»

«በስሙ አልፈረምኩም፤ በስሜ ነው፣ ስለ እሱ። ልዩነት አለው» አለና ፈገግ አለ። ፈገግታው ከመሐረቡ ቶሎ መጣ። «የሌላን ሰው ፊርማ አስመስሎ የሚፈርም ሌባ ነው። እኔ በውል አዋዋይ ኖተሪ ፊት ውክልና ተሰጥቶኛል። እጁ አልታዘዝ ካለው ጀምሮ አየለ በእኔ ብዕር ነው የኖረው። ሰኞም እንደ ወትሮው ፈረምኩ። መሞቱን በምን አውቃለሁ?»

«ሮዳስ ልጅዎ ናት?»

«ልጄ ናት። አድራሻዋ እዚያ ከተመዘገበ ሦስት ዓመቱ ነው።»

«የእሷ የሚመስል አንድ ዕቃ አላየሁም።»

«የዛሬ ልጆች ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ናቸው።»

«ወይዘሮ የትነበርሽስ?»

አቶ ዘአማኑኤል መሐረቡን በአራት አጠፈው። «የትነበርሽ ያው አብራው ነበረች። በሕግ ግን ምንም አይደለችም።»

«ምንም» የምትለዋን ቃል መሐረቡን ኪሱ እየከተተ ነው ያላት። መሳይ ቀፈፈው፤ ግን መቅፈፍ ማስረጃ አይሆንም፤ ሰውን ባለመውደዱ ብቻ መጠርጠርም ልማዱ አይደለም።

አቶ ዘአማኑኤል በሩ ድረስ ሸኘው። እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አደራህን ልጄ። ቁስሏ ገና እርጥብ ነው። በስልክ፣ በሆላንድኛ መርዶ እንዳትሰማ። እኔ ሰው ሰብስቤ እሑድ ንጋት ላይ አረዳታለሁ። ሐበሻ አይደለህ?»

መሳይ እሺ አለ። አባቱ አዲስ አበባ ሲሞት እሱ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ፈተናው እስኪያልቅ ሦስት ሳምንት ደብቀውታል። እናቱ እዚሁ ሆላንድ፣ ቤታቸው ውስጥ ጥቁሯን ከውስጥ ለብሳ ከላይ ቀይ ሹራብ ደርባ ቁርስ ታቀርብለት ነበር። ያን ጊዜ ተቆጥቶ ነበር፤ ኋላ ግን ፍቅር ነው ብሎ ተቀብሎታል። ስለዚህ እሺ አለ፤ ደግ ነገር ያደረገ መስሎት።

---

ረቡዕ ጠዋት የሐኪሙ ውጤት መጣ። ሁለተኛ ስትሮክ ነው። አቶ አየለን ማንም አልገደለውም፤ የሞተውም ሐሙስ፣ በጠዋትና በቀትር መካከል ነው።

ማሪትና መሳይ ሮተርዳም ወደብ ሄደው ጀማልን አገኙት። ጀማል የወሎ ሰው ነው፤ ከአቶ አየለ ጋር በአንድ መጋዘን አርጅተዋል። ጡረታው አንድ ዓመት ቀርቶታል። አንጸባራቂ ሰደርያውን እንደ ለበሰ ከዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍቱ ወረደ።

«ፖሊስ ሆነህም ሐበሻ ነህ አይደል? ሻይ ሳንቀማምስ ነው የምትመረምረኝ?»

«ሻዩ ይደርሳል። ከአቶ አየለ ጋር መጨረሻ የተነጋገሩት መቼ ነው?»

«ቅዳሜ። በስልክ። ደህና ነበር፤ ያው እንደ ልማዱ እህ እህ ይል ነበር።»

«ቅዳሜ አቶ አየለ ከሞቱ ሁለት ቀናቸው ነበር።»

ጀማል ጓንቱን አወለቀ፤ መልሶ አጠለቀ። «እንግዲህ ተሳስቼ ይሆናል።»

«ቀን የሚሳሳት ሰው አውቃለሁ። ከሞተ ሰው ጋር በስልክ አወራሁ ብሎ የሚሳሳት ግን ዛሬ ገና አየሁ።»

«አንተ ልጅ» አለ ጀማል ቀስ ብሎ፤ «እሷ በእግሯ ትቁም። ያኔ ናና ያሻህን ጠይቀኝ። አንዲት አልሸሽግህም። ዛሬ ግን ከዚህ አፍ የምታገኘው የለም።»

ከወደቡ ማገገሚያው ሩቅ አይደለም። ማሪት መኪና ውስጥ ቀረች፤ መሳይ ብቻውን ገባ።

ወይዘሮ የትነበርሽ መስኮት አጠገብ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ፊቷ ጠባብ፣ ዓይኗ ንቁ ነው። መሳይ ስሙን ነገራትና ስለ ቤቱ የምዝገባ ጉዳይ እንደሚያጣራ ተናገረ።

«እሰይ ልጄ፣ ከኮርፖሬሽኑ ነህ? ተቀመጥ» አለችው። ወንበሩን አሳየችው፤ ከአልጋዋ ራስጌ የተጠጋች ትንሽ ሰማያዊ ወንበር ናት። «ዛሬ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ሄጃለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቤቴ እገባለሁ። ሊፍት ባይኖረው ኖሮ ማን ያስገባኝ ነበር?»

«የቤቱ ውል ላይ ስምዎ አለ?»

«አልነበረም። አየለ ለዘአማኑኤል የውክልና ወረቀት ሲሰጠው አንደኛው ነገር ይኼ ነበር። 'እኔ ብሞት እሷ መንገድ ላይ እንዳትወድቅ' ብሎ። እኔው ራሴ ነኝ አምስተርዳም ድረስ ደግፌ የወሰድኩት። ያኔ ትንሽ ትንሽ ይናገር ነበር። ቀጠሮው ሲጓተት ሲጓተት ሰኞ አለቀ፤ ተፈርሟል ብሎኛል። አሁን ስሜ ገብቷል።»

የሮዳስ ስም የገባበት ማመልከቻ በመሳይ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

«ከሐሙስ ጀምሮ ድምፁን አልሰማሁም» አለች። «ሙሂባ ናት ስልኩን ጆሮው ላይ የምትይዝለት። ስልኩ ተበላሽቷል ትለኛለች። አየለ ደህና ነው?»

መሳይ የማስታወሻ ደብተሩን ገለጠ።

«የቤቱ ቀጠሮ ከማን ጋር እንደ ነበር ያስታውሳሉ?» አለ መሳይ።

የትነበርሽ ጥቂት አየችው። ከዚያ ስለ ቤቱ ነገረችው።

---

መኪናው ውስጥ ሲገባ እጁን በልብሱ ጠረገ፤ እጁ ግን ንጹሕ ነበር።

«ዐቃቤ ሕጉ የስልክ መዝገብ አልፈቅድም ብሏል» አለች ማሪት። «ሰው ካልተገደለ ምክንያት የለም ነው የሚለው። አስከሬን አለማሳወቅ ትንሽ ጥፋት ነው፤ ያን ደግሞ ተንከባካቢዋ ላይ እንጨርሰዋለን።»

«ኖተሪውስ?»

«አነጋግሬዋለሁ። ውክልና ከወካዩ ጋር ይሞታል፤ አንዲት ደቂቃ አይቆይም። ተወካዩ መሞቱን ካላወቀ ግን በቅን ልቦና የፈረመው ሊጸና ይችላል። ካወቀ ማጭበርበር ነው። ሁሉም ነገር ሰኞ ጠዋት ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም በሚለው ላይ ይቆማል።»

«ፊርማው ከጸና ሮዳስ ቤቱን ትወስዳለች፤ የትነበርሽም ከማገገሚያው ወጥታ የምትገባበት የላትም።»

«ሐሙስ ከአምስተርዳም አልወጣም፤ ሦስት ምስክር አለው» አለች ማሪት። ሞተሩን ሳታስነሣ ዞራ አየችው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሚስቱ እስካሁን ለምን አልተነገራትም?»

«መርዶ እንዲያ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፤ ንጋት ላይ አብረው ይሄዳሉ፤ ሽማግሌው ይናገራል። እስከዚያ ድረስ የሰማ ሁሉ ይደብቃል። ደህና ነው ወይ ቢባል ደህና ነው ይላል። ትናንት አነጋገርኩት ይላል። እኛ ዘንድ ይህ ውሸት አይባልም።»

«የሚደብቁት ከእሷ ብቻ ነው?»

«ከእሷ፣ እሷን ከሚያገኝ ሰው ሁሉ...»

አፉ ላይ ቆመበት።

እያወቅህ ለምን ታደርቀኛለህ ብላዋለች ሙሂባ። እሷ በእግሯ ትቁም ብሎታል ጀማል። ሁለቱም የሸሸጉት ወንጀል አልነበረም፤ መርዶ ነው። ከፖሊስም አልነበረም፤ የትነበርሽ አልጋ አጠገብ ሊቀመጥ ከሚችል ሐበሻ ነው። መርዶ ደግሞ ባለቤት አለው። አንድ ሰው፣ እስከዚህ ቀን ዝም በሉ፣ ይላል፤ ሌላው ይታዘዛል። ሙሂባ ደግሞ ከሐሙስ ቀትር ጀምሮ ታዝዛለች። ቀኑን የቆረጠው ሰው ሞቱን ከሁሉ ቀድሞ ያወቀው ነው።

እሑድ ያለው ማን እንደ ሆነ መሳይ በገዛ ጆሮው ሰምቷል። እሺም ብሏል።

በሩን ከፍቶ እግሩን አስፋልቱ ላይ አሳረፈ፤ ብርድ አየር እስኪያረጋጋው ጠበቀ። ያ ሰው ከአገሩ ልማድ ውስጥ የተሻለውን መርጦ፣ ያን ደግነት ራሱን እንደ መጋረጃ ሬሳው ላይ ጎትቶታል። ያስጠላው ይህ ነበር። ከመስኮቱ ይልቅ፣ ከማሞቂያው ይልቅ።

ስልኩን አወጣ። «አቶ ዘአማኑኤል፣ መርዶው ነገ ንጋት ይሁን። ሐኪሞቹ ፈቅደዋል፤ ሙሂባና ጀማልም ይመጣሉ።»

«እሑድ ይሻል ነበር ልጄ።»

«የፖሊስ ደብዳቤ ሊደርሳቸው ነው። እርስዎ ካላረዷቸው በሆላንድኛ ያነቡታል።»

«እሑድ ይሻል ነበር» አለ እንደገና። ግን ሽማግሌ ነኝ የሚል ሰው መርዶ አላረዳም ብሎ አይቀርም።

---

ሐሙስ ንጋት ላይ አራት ሆነው ገቡ፤ አቶ ዘአማኑኤል ከፊት፣ ሙሂባና ጀማል ከኋላው፣ መሳይ መጨረሻ። ማሪት በሩ ጋ ቆመች። የትነበርሽ ነቅታ ነበር። አራቱን በዚያ ሰዓት አንድ ላይ ስታይ ማንም ሳይናገር ፊቷ ተለወጠ።

«ንገሩኝ» አለች።

አቶ ዘአማኑኤል ጥቁር ካፖርት ለብሷል። እጆቹን አጣምሮ፣ ድምፁን እንደሚያውቅበት አድርጎ አለዘበው። «እኅቴ፣ የሰጠ ነሣ። እግዚአብሔር ያጽናሽ። አየለ ዐርፏል።»

የትነበርሽ አልጮኸችም። ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ወደፊት ታጠፈች። ሙሂባ ሮጣ አቀፈቻት፤ ጀማል ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። አቶ ዘአማኑኤል ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያለ ደረቱን መታ። መሳይ ዓይኑን ከዚያ ሰው ላይ አላነሣም። እንባው እውነተኛ እንባ ነበር፤ በጉንጩ ይወርዳል። ይህ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ሆነበት።

ብዙ ቆይታ የትነበርሽ ቀና አለች።

«መቼ?»

«ማክሰኞ ነው ያገኙት» አለ አቶ ዘአማኑኤል።

«መቼ አገኙት አላልኩም። መቼ ሞተ?»

ሙሂባ እጇን ከትከሻዋ ሳታነሣ ተናገረች።

«ያለፈው ሐሙስ ነው እኅቴ። ጠዋት መድኃኒቱን ሰጥቼው ሌላ ቤት ሄድኩ፤ ቀትር ላይ ስመለስ ዐርፎ አገኘሁት። ብቻውን ነበር፤ አልተሠቃየም፤ ፊቱ ደህና ነበር። እኔው ነኝ የገነዝኩት። ሐኪም ልጥራ ብዬ ለአቶ ዘአማኑኤል ደወልኩ፤ መዝገቡ ላይ ያለው የሱ ስልክ ነው። 'ሐኪም ከጠራሽ ከሆስፒታል ይደውሉላታል፤ ትናንት ነው የተቀደደችው፤ ትሞትብሻለች' አለኝ። 'እስከ ሰኞ ብቻ' አለኝ። መስኮቱን ክፈቺ፣ ማሞቂያውን ዝጊ ያለኝም እሱ ነው። በየጠዋቱ እየሄድኩ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ሥራዬን ያሳጣኝ እንጂ ከዚህ በላይ አልሸከመውም።»

«ለእኔም የዚያኑ ዕለት ማታ ደወለልኝ» አለ ጀማል። «ሰኞ ከሰዓት እናርዳታለን ተባለ። ሰኞ ሲደርስ ወደ እሑድ ገፋው። ይሄ ሰው ለምን ይገፋዋል ብዬ ነበር፤ ግን ሽማግሌ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ሐሙስ ከቢሮዬ አልወጣሁም ያለው እውነት ነበር። እግሩን ከአምስተርዳም አላነቃነቀም፤ ሁሉን በስልክ ነው ያደረገው።

«ለሷ ብዬ ነው» አለ አቶ ዘአማኑኤል። «ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እንዲህ ያላደረገ ማን አለ? ልጄ፣ አንተ ራስህ...»

«ልጄ አይበሉኝ» አለ መሳይ።

«ሰኞ ደውለህልኝ ነበር» አለች የትነበርሽ። ድምፅዋ ደርቋል። «'ከአየለ ጋር ነው የዋልኩት፤ ቤቱን ፈርመናል፤ ሰላም ይልሻል' አልከኝ። ሰላም በልልኝ አልኩህ። 'እነግረዋለሁ' አልከኝ።»

ጀማል የተደገፈውን ግድግዳ ትቶ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ወይዘሮ የትነበርሽ» አለ መሳይ፤ «በማመልከቻው ላይ የገባው ስም የእርስዎ አይደለም።»

«የማን ነው?»

«የልጃቸው።»

አቶ ዘአማኑኤል አንድ እርምጃ ወደ አልጋው ቀረበ፤ እጁንም ዘረጋ። የትነበርሽ እጁን አላየችውም። መሳይ መሃል ገብቶ በሆላንድኛ፣ ሕጉ በሚያዘው ቃል፣ በማጭበርበር ተጠርጥሮ መያዙንና ዝም የማለት መብት እንዳለው ነገረው። ማሪት ክንዱን ይዛ አወጣችው። ኮሪደሩ ላይ ለስላሳው ድምፁ አሁንም አንድ ነገር ያስረዳል፤ በሩ ሲዘጋ ጠፋ።

---

መሳይ የሁሉንም ቃል እዚያው ተቀበለ። ማመልከቻው እንደሚታገድ፣ እሷም አብራው የኖረች በመሆኗ ቤቱ እንዲቀርላት ፍርድ ቤት ለመጠየቅ ስድስት ወር እንዳላት ለየትነበርሽ አስረዳት። ተስፋው ጥሩ ነው አላት፤ እርግጠኛ ነው ግን አላላትም።

ማሪት የሁሉም ቃል የሰፈረበትን ወረቀት ስታመጣ የትነበርሽ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዲት ነርስ አየችና፣ ከደከማት ሌላ ሰው ስለ እሷ ሊፈርምላት እንደሚችል ተናገረች። ጀማልም፣ «እኔ ልፈርምልሽ፣ አንቺ ዕረፊ» አለ።

«አይሆንም» አለች። ብዕሩን ጨበጠች። ስሟን ለመጻፍ ረጅም ጊዜ ወሰደባት፤ አንዳንዱ ፊደል ከመስመሩ ወረደ። ጨርሳም ወረቀቱን አልመለሰችም። መሳይን ተመለከተችው።

«ትናንት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ነበር።»

«አዎ።»

«ደህና ነው ወይ አልኩህ። አንተ ስለ ቤት አወራኸኝ።»

«አዎ፣ እማማ።»

«አንተስ መቼ ሰማህ?»

«ማክሰኞ ጠዋት።»

ወረቀቱን አዙራ ጠረጴዛው ላይ ገፋችለት። «እሱንም ጻፈው።»

ሙሂባ ልትከላከልለት አፏን ከፈተች፤ መሳይ በእጁ አስቆማት። ተቀምጦ ከሌሎቹ ቃል ሥር ጻፈ፦ መርማሪ መሳይ ማክሰኞ ጠዋት መሞቱን ያውቅ ነበር፤ እስከ እሑድ እንዲደበቅ ከተጠርጣሪው ጋር ተስማማ፤ ረቡዕ ሚስቱ ስትጠይቀው አልነገራትም። ይህ ወረቀት አለቃው ዘንድ ሲደርስ ምን እንደሚባል ያውቃል። ሊያሳጥረው ፈለገ፤ አላሳጠረውም።

«ፈርም» አለች። «በስምህ።»

ፈረመ። የትነበርሽ መነጽሯን አድርጋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ መሳይን አልፋ ወረቀቱን ለማሪት ሰጠቻት።